ትእዛዝ ከመፈጸም ወደ መፍረድ፤ የቤተሰብ ነርስ ፕራክቲሽነር ትምህርት

በዛሬው የጤና ትምህርት ክፍላችን የምናወሳው፣ ብዙ ዘመን በሕሙማን አልጋ አጠገብ ቆመው ያገለገሉ ነርሶች እንደ ገና ወደ ትምህርት ቤት ተመልሰው፣ ሕመምተኛን በራሳቸው መርምረው፣ የደዌውን ምንነት ለይተው፣ መድኃኒት ለማዘዝ የሚያበቃቸውን ከፍተኛ ትምህርት ስለሚቀበሉበት ሥርዐት ነው። በአሜሪካ አገር ይህን መዓርግ የያዘ ሰው የቤተሰብ ነርስ ፕራክቲሽነር ይባላል። በዋሽንግተን ከተማና በአካባቢዋ፣ በዳላስም ሆነ በሌላው የአሜሪካ ከተማ የሚኖሩ ወገኖቻችን ወደ ሰፈራቸው ክሊኒክ ሲሄዱ ብዙ ጊዜ ተቀብሎ የሚመረምራቸው ይኸው ባለ ሙያ ሆኖ ሳለ፣ አንዳንዶቹ ተመርምረው ከጨረሱ በኋላ «ሐኪሙስ መቼ ይመጣል?» ብለው መጠየቃቸው አልቀረምና፣ ነገሩን ከሥሩ ማስረዳት ተገቢ ሆኖ አገኘነው። በንግግራችን የሚጠቀሱት ዓመታት፣ የእኛ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዚህ ሙያ ልደት በ1965 ነው ተብሎ ይጻፋል፤ ሐሳቡ ግን ከዚያ 40 ዓመት ይቀድማል። ሜሪ ብሬኪንሪጅ የሚባሉ፣ አያታቸው የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት የነበሩ ሴት፣ ሁለት ልጆቻቸውን ሞት ከነጠቃቸው በኋላ የቀረ ዘመናቸውን ለእናቶችና ለሕፃናት አገልግሎት ሊሰጡ ቆርጠው፣ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው አዋላጅነት ተምረው ተመለሱና፣ በ1925 በኬንታኪ ተራሮች መካከል፣ መንገድ ባልተጠረገበትና ሐኪም በማይገኝበት በሌስሊ አውራጃ፣ ነርሶች በፈረስ ተቀምጠው ወንዝ እየተሻገሩ ከቤት ወደ ቤት የሚዞሩበትን አገልግሎት አቋቋሙ። እነዚህ ነርሶች በሌክሲንግተን ከተማ የሚኖሩ ሐኪሞች የጻፉላቸውን መመሪያ በኮርቻ ከረጢታቸው ይዘው ይሄዱ ነበር፤ መመሪያውም ነርሷ በራሷ ማድረግ የምትችለው እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነና ከምን ወዲያ ሐኪም መጥራት እንደሚገባት የሚወስን ነበር። ይሁን እንጂ፣ የተጻፈው ወረቀት ስለ ደዌው ቢናገር እንጂ በዚያች ሌሊት በዚያች ጎጆ ውስጥ ስለምታምጠው ሴት አይናገርምና፣ ከፊቷ ያለው ሕመም ከየትኛው አንቀጽ እንደሚገባ የምትፈርደው ያው በፈረስ የመጣችው ነርስ ነበረች። ይኸው ተቋም በ1970 የቤተሰብ ነርሶችን ማሠልጠን ጀመረ፤ ዛሬም ዩኒቨርሲቲ ሆኖ በዚያው በኬንታኪ ይሠራል።

ብሬኪንሪጅ ባረፉበት በ1965፣ በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ፣ ሎሬታ ፎርድ የሚባሉ የሕዝብ ጤና ነርስና መምህርት ሄንሪ ሲልቨር ከሚባሉ የሕፃናት ሐኪም ጋራ ሆነው ዛሬ የምንናገርለትን ትምህርት ከፈቱ። ፎርድ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በጦር ሠራዊት ውስጥ በነርስነት አገልግለው፣ ከጦርነቱ በኋላ በቦልደር አውራጃ ገጠሮች ሲዘዋወሩ፣ ሐኪም በሌለበት መንደር ለሕፃናት የሚያስፈልገው ነገር አብዛኛው፣ ይኸውም እድገታቸውን መለካት፣ መከተብ፣ ጆሯቸውንና ጉሮሯቸውን መመልከት፣ ልባቸውንና ሳንባቸውን ማዳመጥ፣ እናትንም ማስተማር፣ በደንብ በተማረች ነርስ እጅ ሊፈጸም የሚችል መሆኑን በዐይናቸው ያዩ ሴት ነበሩ። ዘመኑም ይህን አሳብ ረዳው፤ ሐኪሞቹ በልዩ ልዩ የሕክምና ክፍል እየሠለጠኑ ወደ ከተማ መሰብሰባቸው ሳያንስ፣ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ፕሬዚዳንት ጆንሰን ለሽማግሎችና ለድኾች የሕክምና ዋስትና የሚሰጠውን ሕግ ስለ ፈረሙ፣ ቀድሞ ገንዘብ አጥቶ በቤቱ ይታመም የነበረው ብዙ ሕዝብ ወደ ክሊኒክ መጣ፤ ሐኪሙ ግን በአንድ ዓመት አይበዛም። የመጀመሪያው ትምህርት በዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል ለ4 ወር በጥብቅ የሚሰጥ ሆኖ፣ ከዚያ በኋላ ነርሶቹ በየገጠሩ ክሊኒክ በሥራ ላይ ይፈተኑ ነበር።

ይህ ነገር ያለ ተቃውሞ አልሄደም፤ የሚያስገርመው ግን ብርቱው ተቃውሞ የመጣው ከሐኪሞች ብቻ ሳይሆን ከነርሶች ጭምር መሆኑ ነው። በኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ የነርስ ትምህርት መሪ የነበሩት ማርታ ሮጀርስ፣ ነርስነት በራሱ የቆመ ጥበብ ሆኖ ሳለ ነርሷን ወደ ሐኪም ረዳትነት መሳብ ሙያውን ማዋረድ ነው ብለው ተከራከሩ። ፎርድ በበኩላቸው ነርሷ ሐኪም ትሁን አላሉም፤ ነርሷ ነርስ ሳለች ዕውቀቷ በሚፈቅድላት መጠን ትፍረድ ነው ያሉት። እኔ እንደሚመስለኝ የሮጀርስ ስጋት ከንቱ አልነበረም፤ ዛሬም ቢሆን ከክሊኒክ ባለቤቶች መካከል አንዳንዶቹ ነርስ ፕራክቲሽነርን የሚቀጥሩት በርካሽ የሚገኝ ሐኪም አድርገው ቈጥረው ነው፤ በዚህ ዐይን የሚታይ ሠራተኛም ለማስተማርና ለመምከር የሚሆን ጊዜ አይሰጠውም። የሆነ ሆኖ ታሪክ ለፎርድ ፈረደ፤ በ1971 የአይዳሆ ክፍለ ግዛት ነርስ ሕመምን ለይታ ማከም እንደምትችል በሕግ በማወቅ ከሌሎቹ ሁሉ ቀደመች። ፎርድም በኋላ የሮቼስተር ዩኒቨርሲቲ የነርስ ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ዲን ሆነው አገልግለው፣ 104 ዓመት ኖረው በጥር 2025 ዐረፉ።

ክርክሩን ያበረደው ግን ሕግ ብቻ አይደለም፤ ፈተና ነው። በካናዳ፣ በኦንታሪዮ፣ በርሊንግተን በምትባል ከተማ በ1971 እና በ1972 መካከል 1,598 ቤተሰቦች በዕጣ ተለይተው፣ ከፊሉ በቤተሰብ ሐኪም፣ ከፊሉ በነርስ ፕራክቲሽነር እንዲታከሙ ተደረገና፣ በዓመቱ መጨረሻ ሲመዘን የሁለቱ ወገኖች ጤና ተካከለ፤ ነርሶቹም ከመጡላቸው 100 ጕብኝቶች 67ቱን ሐኪም ሳይጠሩ በራሳቸው ፈጸሙ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያስደንቀኝ የገንዘቡ ነገር ነው፤ በጊዜው የነበረው ደንብ ነርሷ ብቻዋን ለሠራችው ሥራ ክፍያ አይፈቅድም ነበርና፣ የሕሙማኑ ቍጥር ሲጨምር የክሊኒኩ ገቢ ቀነሰ፤ ሥራው መልካም ሆኖ ሳለ መልካም የሠራው ሰው ከሰረ። በአሜሪካም ቢሆን ነርስ ፕራክቲሽነር በየትም ቦታ ለሽማግሎች ከሚሰጠው የመንግሥት ዋስትና በስሙ በቀጥታ እንዲከፈለው የተፈቀደው በ1997 ነው፤ ያውም ሐኪም 100 በሚቀበልበት 85 እየተቈረጠለት። ከዚያ በኋላ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በኒው ዮርክ 1,316 ሕሙማንን በዕጣ ለይተው በ2000 ያሳተሙት ጥናት፣ ከ6 ወር በኋላ በሁለቱ ወገኖች አጠቃላይ የጤና ሁኔታ ላይ ጕልህ ልዩነት አላገኘም። ስድስት ወር ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ አጭር ነው ብለው የነቀፉ ሐኪሞች ነበሩ፤ ነቀፋቸውም ፍሬ ያለው ነበርና፣ ተመራማሪዎቹ ከሕሙማኑ ከፊሉን ለሁለት ዓመት ተከታትለው ያው ውጤት መድገሙን አመለከቱ።

እንግዲህ ነርሷ ወደዚህ መዓርግ ለመድረስ ምን ትማራለች? በመጀመሪያ የነርስነት ፈቃድና፣ አብዛኛውን ጊዜ፣ የባችለር ዲግሪ ያላት መሆን አለባት፤ ከዚያም ሁለት ወይም ሦስት ዓመት የሚፈጅ የማስተርስ ትምህርት፣ አለዚያም ከዚያ የሚረዝም የዶክትሬት ትምህርት ትከታተላለች። የትምህርቱ ዐምዶች ሦስት ናቸው፤ አንዱ ደዌ በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚያውክ የሚያስረዳው፣ ሁለተኛው መድኃኒት በሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ የሚያስረዳው፣ ሦስተኛውም ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍር ሰውን የመመርመር ጥበብ ነው። እነዚህ ለየብቻ ሲጠሩ ደረቅ ይመስላሉ፤ በአንድ ሕመምተኛ ላይ ሲገናኙ ግን ጥቅማቸው ይገለጣል። አንድ ጐልማሳ ሰው ለወራት ያልለቀቀው ደረቅ ሳል ይዞ መጣ እንበል። ሳንባው ሲደመጥ ንጹሕ ነው፤ ትኩሳት የለውም፤ አልከሳም፤ ሌሊት አያልበውም። ቸኰላ የሚያጠቃው ሰው የሳል ሽሮፕ ወይም ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ሰጥቶ ይሸኘዋል። በሚገባ የተማረችው ነርስ ግን የሚውጠውን መድኃኒት ሁሉ ታስቈጥረዋለች፤ ለደም ግፊቱ ኢናላፕሪል ከጀመረ ጥቂት ወራት መሆኑን ስትሰማም፣ ይህ መድኃኒት ብራዲካይኒን የሚባለውን ንጥረ ነገር በአየር መተላለፊያው ውስጥ እንዲከማች በማድረግ ሳል የሚያመጣ መሆኑን ታስታውሳለች፤ መድኃኒቱንም በሌላ ትለውጣለች፤ ሳሉም በሳምንታት ውስጥ ይተወዋል። ይሁን እንጂ ሰውየው ክብደት ቀንሶ፣ ሌሊትም እያላበው ቢሆን ኖሮ ያው ሳል ወደ ሌላ መንገድ ይመራት ነበር፤ የሳንባ ነቀርሳን ሳታስመረምር አትለቀውም።

የዚህ ትምህርት ከባዱ ሸክም መጽሐፉ አይደለም፤ በልምምድ ጊዜ የሚመጣው የልብ ለውጥ ነው። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የዋለ አድማጭ ነገሩን ቶሎ ይረዳዋል። በዜማ ቤት ተማሪው የሚመሰገነው ከመምህሩ የሰማውን ሳያዛንፍ በመመለሱ ነው፤ ወደ ቅኔ ቤት በተሻገረ ጊዜ ግን ትናንት የተነገረውን ቢደግም ይነቀፋል፤ የራሱን ቅኔ ቈጥሮ በመምህሩ ፊት መናገር ግዴታው ይሆናል፤ መምህሩም ያቃናለታል ወይም ይጥልበታል። ዐሥር ዓመት በሆስፒታል ያገለገለች ነርስም እንዲሁ ናት። የሐኪሙን ትእዛዝ ሳያዛንፉ መፈጸም፣ ያዩትን በትክክል መናገር፣ ከዚያም ዝም ብሎ ፍርዱን መጠበቅ ምስጋናዋ ነበር። አሁን ግን ብቻዋን ገብታ ሕመምተኛውን መርምራ ወጥታ፣ ለአሠልጣኟ በጥቂት ቃል ማስረዳት አለባት፤ ሰውየው ማን እንደ ሆነ፣ ምን እንዳመመው፣ ምን እንዳገኘች ትናገራለች፤ እዚህ ላይ ስትደርስ የድሮው ልማድ ይይዛትና ዝም ትላለች። ጐበዝ አሠልጣኝ ያን ዝምታ አይሞላላትም። ምን ይመስልሻል፣ ሌላስ ምን ሊሆን ይችላል፣ ከሁሉ ይልቅ የምትፈሪው የትኛውን ነው፣ ዛሬ ምን ልታደርጊ ነው እያለ ይጠይቃታል። የልምምዱ ሰዓት ቀድሞ ቢያንስ 500 ነበር፤ በ2022 የወጣው ብሔራዊ መመዘኛ ወደ 750 ከፍ አድርጎታል። ሰዓቱ የሚቈጠረው እጅ እንዲፈታ ብቻ ሳይሆን፣ ይህ ዝምታ እንዲሰበር ነው።

እዚህ ላይ ስለ ልምድ አንድ ነገር ልጨምር። የቆየ ልምድ ታላቅ ሀብት ነው፤ ብዙ ሕሙማን ያየች ነርስ፣ መሣሪያው ገና ሳይናገር፣ የሰውየው ፊትና አተነፋፈስ ሲለወጥ ታውቃለች፤ ይህን ዕውቀት ማንም በመጽሐፍ ሊሰጣት አይችልም። ዳሩ ግን ልምዷ የሆስፒታል ልምድ ከሆነ፣ ያየቻቸው ሁሉ ሕመማቸው የጠናባቸው ናቸው፤ ወደ ሰፈር ክሊኒክ የሚመጣው ሕዝብ ደግሞ አብዛኛው ቀላል ሕመም ያለው ነውና፣ በብዙ ጕንፋን መካከል የተደበቀውን አንዱን ብርቱ ደዌ ለይቶ ማውጣት ሌላ ዐይን ይጠይቃል። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ያረጀች ነርስ ጤነኛ የ9 ወር ሕፃን ምን ምን ማድረግ እንዳለበት እንደ አዲስ ብትማር የሚያሳፍር አይደለም። የሆነ ሆኖ፣ በዛሬ ጊዜ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ነርስነትን በቅጡ ያልሠሩትን፣ ከምረቃ በቀጥታ የመጡትን ወደዚህ ትምህርት መቀበላቸው እኔን አያስደስተኝም። ይህ የሎሬታ ፎርድ አሳብ አልነበረም፤ ትምህርቱ አጭር ሊሆን የቻለው የነርሷ የብዙ ዘመን አገልግሎት በሥሩ ስላለ ነውና፣ ያን መሠረት አንሥቶ ሕንፃውን ብቻ ማስቀረት ለሕመምተኛውም ለተማሪውም አይበጅም።

«ቤተሰብ» የተባለበትም ምክንያት አለው። በሕጉ አነጋገር ከተወለደ ሕፃን እስከ ሽማግሌ ድረስ ሁሉን ማከም ይችላል ማለት ነው፤ በሥራው ግን ከዚህ ይጠልቃል። በየወሩ ትንፋሽ እያጠረው የሚመጣ ልጅ መድኃኒቱ ትክክል ሆኖ ሳለ የማይሻለው፣ አባቱ በቤት ውስጥ ሲጋራ ስለሚያጨስ ሊሆን ይችላል፤ እናቲቱን የሚያንገላታት ራስ ምታትም ሌሊቱን አሮጊት አማቷን ስታስታምም በማደሯ የመጣ ሊሆን ይችላል። ልጁንም፣ አባቱንም፣ አያቲቱንም የምታውቅ ነርስ ይህን ለመረዳት ብዙ አትደክምም። ከአገራቸው ርቀው በሚኖሩ ወገኖቻችን ዘንድ ደግሞ፣ ሕፃኑ የወላጆቹ አስተርጓሚ ሆኖ በሚቀርብበት ጊዜ፣ እናት በልጇ አፍ ልትናገረው የማትችለው ሕመም መኖሩን የምትገምት፣ ልጁን ወደ ውጭ ልካ ባለ ሙያ አስተርጓሚ የምታስጠራ ነርስ ትልቅ ሥራ ትሠራለች።

ሥልጣኑ ምን ያህል ነው ለሚል ጠያቂ መልሱ ነርስ ፕራክቲሽነሩ እንደሚሠራበት ክፍለ ግዛት ይለያያል። ከግማሽ በሚበልጡት ክፍላተ ግዛት ነርስ ፕራክቲሽነር በራሱ ፈቃድ መርምሮ፣ ለይቶ፣ መድኃኒት ያዝዛል፤ የዋሽንግተን ከተማና ሜሪላንድ ከነዚህ ናቸው። በቴክሳስ ግን መድኃኒት ለማዘዝ ከሐኪም ጋራ በጽሑፍ መዋዋል ግድ ነው፤ ስለዚህ አንዲት ነርስ ከሜሪላንድ ወደ ዳላስ ብትዛወር ዕውቀቷ ሳይጐድል ሥልጣኗ ይጐድላል። የትም ብትሆን ግን ከጥሩ ትምህርት የሚጠበቀው ትልቁ ፍሬ ወሰንን ማወቅ ነው፤ ከ3 ወር በታች የሆነ ሕፃን ትኩሳት ይዞት ሲመጣ፣ ወይም ሰው ደረቱን ጨምቆ ይዞ ላብ ሲያጠምቀው፣ ነርሷ ሳታመነታ ወደ ሆስፒታል መላክ አለባት፤ ይህም ራሱ ፍርድ ነው።

ለእኛ አገር ይህ አሳብ እንግዳ አይደለም። በደንቢያ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ወደ 7,000 የሚጠጋ ሕዝብ እንደ ጨረሰ የሚነገርለት መቅሠፍት ካለፈ በኋላ፣ በ1947 ዓመተ ምሕረት በእኛ አቆጣጠር፣ በጎንደር የቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቶ፣ ጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን በአንድ ግቢ አብሮ ማሠልጠን ጀመረ። ጤና መኮንኑ ሐኪም በሌለበት ጤና ጣቢያ መርምሮ እንዲያክም፣ ከኅብረተሰብ ነርሷና ከአካባቢ ጤና ጠባቂው ጋራም እንደ አንድ ማኅበር ሆኖ ወደ ሕዝቡ ቤት እንዲወርድ ታስቦ ነበር። ይህ የሆነው ኮሎራዶ ትምህርቷን ከመክፈቷ ከዐሥር ዓመት በፊት ነው። ልዩነቱ፣ በእኛ ዘንድ ሥልጣኑ ለአዲስ ሙያ ሲሰጥ፣ በአሜሪካ ግን ለነባሩ ነርስ ተጨመረለት፤ በጤና ጣቢያ ብዙ ዘመን ላገለገለ ኢትዮጵያዊ ነርስ እንዲህ ያለው መሰላል በሰፊው ቢዘረጋለት መልካም ነው ብዬ አምናለሁ።

አሁን ይህን የምትሰሙ፣ በአሜሪካ የምትኖሩ ነርሶች ሆይ፣ ወደዚህ ትምህርት ለመግባት አሳብ ካላችሁ ቃሌን አድምጡ። በአገር ቤት የተማራችሁ እንደ ሆነ፣ አስቀድማችሁ የትምህርት ማስረጃችሁን አስገምግማችሁ፣ ኤንክሌክስ የተባለውን ፈተና አልፋችሁ የነርስነት ፈቃድ መያዝ አለባችሁ። ከማመልከታችሁ በፊት ትምህርት ቤቱን አራት ነገር ጠይቁት፤ በታወቀ መሥሪያ ቤት ተመርምሮ የጸደቀ መሆኑን፣ የምትኖሩበት ክፍለ ግዛት የነርሶች ቦርድ ዲግሪውን የሚቀበል መሆኑን፣ ከተመራቂዎቹ ስንቱ የሙያ ፈተናውን በመጀመሪያው ጊዜ እንዳለፉ፣ በመጨረሻም የልምምድ አሠልጣኝ የሚያገኝላችሁ ትምህርት ቤቱ ነው ወይስ ራሳችሁ በየክሊኒኩ እየዞራችሁ ትለምናላችሁ የሚለውን። ብዙ ተማሪዎች ትምህርታቸውን በሚገባ ፈጽመው በዚህ በመጨረሻው ምክንያት ለወራት ይቀመጣሉና፣ መልሱን በጽሑፍ ሳትቀበሉ የመመዝገቢያ ገንዘብ አትክፈሉ።